መሳቢያው ውስጥ የገባው እጅ

ቪዲዮው 14 ሰከንድ ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ደሴ፣ የእናቴ ሱቅ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ካሜራው ጣሪያው ሥር ጥግ ላይ ስለተሰቀለ ሁሉን የሚያየው ከላይ ነው። የልጁ አናት ይታያል። ባንኮኒው፣ ሚዛኑ፣ መሳቢያው። ልጁ መሳቢያውን ይስባል። እጁ ይገባል፤ እጁ ይወጣል። መሳቢያው ይዘጋል። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ በሩ ያያል። አለቀ።

ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርስም። መጀመሪያ ቀን ደጋግሜ ያየሁት በንዴት ነው። አሁን የማየው በሌላ ምክንያት ነው።

የልጁን ስም አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌው የሆነውን አይቻለሁ።

እናቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት። ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ቡና፣ ዕጣን። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሱቁ ተዘርፏል። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ ተቋርጦ ከወር በላይ ድምጿን አልሰማሁም። ያን ጊዜ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አላወራበትም። ከዚያ ወዲህ ነው "ካሜራ ልስቀልልሽ" ማለት የጀመርኩት። እሷ "ምን ቀረኝና ነው?" ትለኛለች። ባለፈው ዓመት ግን ካሜራውን ራሴ ገዝቼ ይዤ ሄድኩ። "ለሌሊት ሌባ ነው" አልኳት። እውነቴን ነበር።

ችግሩ ካሜራው ቀንም ማየቱ ነው።

ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ ይንጫረራል። "እንቅስቃሴ ታይቷል" ይላል። እከፍተዋለሁ። እናቴ ዘይት ትቀዳለች። የጎረቤቷ ልጅ ሻማ ይገዛል። ልጁ ወለሉን ይጠርጋል። መጀመሪያ ናፍቆት ነበር፣ አልዋሽም። እናቴ ነጠላዋን ስታስተካክል ከሥራ መሃል ማየት ምን ያህል እንደሚያሞቅ ርቆ የሚኖር ሰው ይገባዋል።

አንድ ቀን ልጁ ከሥራ ይልቅ ስልኩን ሲነካካ አየሁት። ደወልኩለት። "ሥራ የለም እንዴ?" አልኩት። ክው አለ። ወዲያው አንገቱን ቀና አድርጎ ካሜራውን አየ። እኔን አየኝ ማለት ነው። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቄ ቡናዬን እየጠጣሁ ሰው ማስደንገጥ ቻልኩ። ሳቅኩ። ደስ አለኝ።

ያ ደስታ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ከሌላው ሁሉ በላይ እሱ።

አይተህ ሞተሃል

ልጁ ከተንታ በኩል የመጣ ነው፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀን ሱቅ ይሠራል፣ ማታ ይማራል፣ ከሱቁ ጓዳ ያድራል። እናቴን "እትዬ" ይላታል። ዓይኗ ስለደከመ የዱቤ ደብተሩን የሚጽፍላት እሱ ነበር።

በጋው እየገፋ ሲሄድ እናቴ በወሬ መሃል "ሂሳቡ ትንሽ እየጎደለኝ ነው" ብላኝ ነበር። አንድ ጊዜ ነው ያለችው። ደግማ አላነሳችውም። እኔ ግን ያዝኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራውን የምከፍተው ለናፍቆት መሆኑ ቀረ። ልጁን እያደንኩት ነበር ማለት ይቻላል።

ሰኔ ላይ አገኘሁት። እናቴ ለቅሶ ሄዳ ልጁ ብቻውን ነበር። ቪዲዮውን ቆረጥኩ። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ የልጁን ስም ጽፌ "ሌባችን ተገኘ" አልኩ። አንዱ የአክስቴ ልጅ "ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" ብሎ በሳቅ መለሰልኝ። ሌላው ወደ ሰፈር ልጆች አስተላለፈው። ማምሻውን አንድ የማላውቀው ሰው ሙዚቃ ጨምሮበት ለሕዝብ አውጥቶታል። ከላይ በቀይ "የደሴው ሌባ" የሚል ጽሑፍ አለው። እኔ የመጀመሪያውን መልእክት አጠፋሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከስልክ የወጣ ደግሞ አፋፍም የለው።

በማግሥቱ ልጁ የለም። የማታ ትምህርት ደብተሮቹንና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ጓዳ ትቶ ሄዷል።

እናቴ ደወለች። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

"አንተ፣ ማን ጠየቀህ?"

"እማዬ፣ ሲወስድ አየሁት እኮ።"

"አይተህ ሞተሃል! እኔ የማላውቅ መስሎህ ነው?"

ዝም አልኩ።

"ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው የወሰደው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እየመለሰ ነበራ።"

ሁለታችንም ጸጥ አልን። ከበስተጀርባዋ አንድ ደንበኛ ሳሙና ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። "ቆይ የኔ ጌታ" አለችው። ከዚያ ለኔ ቀስ ብላ ነገረችኝ። መጋቢት ላይ ሃምሳም መቶም እያለ ጎደለ። ፋሲካ አካባቢ ጉድለቱ ቆመ። ግንቦት ላይ ደግሞ መሳቢያው ይተርፍ ጀመር። አንድ ቀን ሃምሳ ብር ትርፍ። ከሳምንት በኋላ መቶ። እናቴ ሠላሳ ዓመት የነገደችበት መሳቢያ ነው፤ ሳትቆጥር በእጇ ታውቀዋለች። "ሦስት መቶ ነው የቀረው" አለችኝ። "ሲጨርስ ራሱ ይነግረኝ ነበር። ባይነግረኝም ግድ የለም።"

ስልኩን ዘግቼ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ልጁ መሳቢያውን ሳበ። እጁ ሲገባ ጨብጧል። ሲወጣም ጨብጧል። አቆምኩት። ወደ ኋላ መለስኩት። በጣቶቼ አጎላሁት። ምስሉ ሲጎላ እየፈዘዘ ሄዶ መጨረሻ ላይ ቡናማ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ፣ ብር የሚያወጣ እጅና ብር የሚያስገባ እጅ አይለይም።

ከ14ቱ ሰከንድ በፊት ምን እንዳደረገ ማየት ፈለግኩ። ከኪሱ ብር አውጥቶ ከሆነ እዚያ ይታያል። ግን ሚሞሪ ካርዱ የሰባት ቀን ብቻ ነው የሚይዘው፤ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። ከቀናት በኋላ ሙሉውን ልፈልግ ስል ሰባቱ ቀን አልፏል። የቀረው እኔ የቆረጥኩት ነው። ያን ቀን ሙሉውን ሳይ ምን አይቼ እንደነበር ለማስታወስ ራሴን ብዙ አስጨነቅኩ። አላስታውስም። የማየው እጁን ብቻ ነበር። እጅ ስጠብቅ እጅ አገኘሁ።

ወፍ ነገረችኝ

የእናቴ አባት በሕይወት ሳሉ ስለ አውጫጭኝ ያወሩን ነበር። ከብት ይጠፋል፣ ጎተራ ይቃጠላል፤ ያደረገው አይታወቅም። ጭቃ ሹሙ አገሬውን ዛፍ ሥር ይሰበስበዋል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎች ይመረጡና ሰው በተራ እየቀረበ የሚያውቀውን ይናገራል። "አየሁ" ብሎ ለመናገር የሚፈራ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። አጥፊው ካልተገኘ አገሩ አዋጥቶ የተበዳዩን ዕዳ ይከፍላል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ልጅ ሆኜ አልወደድኩትም ነበር። አንድ ሰው በሰረቀው መንደሩ ሁሉ ለምን ይከፍላል? አሁን ሳስበው ግን አንድ ነገር ይታየኛል። ሌባው የሁሉም ነው። ዕዳው ሲመጣ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ነገሩ ሳይጮህ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ማታ ማታ ምክር ይኖራል። "አንተ፣ ነገ ሳይነጋ በሬውን ከወንዙ ማዶ ልቀቀው" የሚል ዘመድ ይኖራል።

አሳምሬው እንዳይሆን። አውጫጭኝ ጥሩ ነበር የሚል አፉን ሞልቶ የሚናገር ካለ እህል በሚታጨድበት ሰሞን ሦስት ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ አያውቅም። ቂም ያለው ሰው ወፏን በፈለገው አቅጣጫ ያበርራት ነበር። አባባ ራሳቸው በሐሰት ተጠቁሞ ከብቱን የሸጠ ዘመድ ነበራቸው። ከእሱ የባሰ ደግሞ ሌባ ሻይ የሚባለው ነው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይሰጡታል። ወገቡን በመቀነት አስረው ይይዙታል። እየተንገዳገደ ይሮጣል። የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። በቃ። ክርክር የለም፤ መድኃኒቱ ተናግሯላ።

ይህን ለጓደኛዬ ሳወራው "ታዲያ ካሜራ ይሻላል አትልም?" አለኝ። ይሻላል። ካሜራ አይሰክርም፣ ቂም የለውም፣ ጉቦ አይበላም። ግን የሌባ ሻዩ ልጅ ቤት ሲገባ ሰፈሩ ለምን ማሰቡን እንዳቆመ አሁን ይገባኛል። ሰው ራሱ ከመፍረድ የሚገላግለው ነገር ይወዳል። "እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ መድኃኒቱ ነው።" "እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ቪዲዮው ነው።" ግሩፑ ላይ የነበሩት ሃያ ሦስት ዘመዶቼ ያን 14 ሰከንድ አይተው አንድም ሰው "ከዚህ በፊት ምን ሆነ?" ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ቪዲዮው ነዋ የተናገረው። አባቶቻችን "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይሉ ነበር። እኛ ነገሩን ከመሃሉ ቀድተን ጠጣነው።

መቀሱ

ወሎ ሆኖ ስለ ካሜራ እያሰቡ የስልሳ ስድስትን ረሃብ መዝለል አይቻልም።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው ማቆም የምፈልገው። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ውስጥ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ባለሥልጣኖቻችን ረሃቡን ያውቁት ነበር። ያላወቀው ዓለም ነው። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" በሚባልበት አገር አንድ ካሜራ ንጉሥ ከሰሰ። እስከዚህ ድረስ ካሜራውን እወደዋለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ነው የሚያቆመኝ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ለአገሬው በቴሌቪዥን አሳየ። እንዳለ አላሳየውም። በተራቡት ሰዎች መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል አስገብቶበታል። አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ ቀጥሎ ኬክ። በማግሥቱ ንጉሡን በቮልስዋገን ጭነው ከቤተ መንግሥት አወጧቸው።

ረሃቡ ውሸት አልነበረም። ድግሱም ውሸት አልነበረም። ሁለቱን እውነት አጠገብ ለአጠገብ የሰፋቸው መቀስ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። ያን መቀስ የያዙት ሰዎች አሥር ዓመት ቆይተው ምን እንዳደረጉ ደግሞ ታውቃላችሁ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በቀይ ጨርቅ ስታከብር ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። በዓሉ እንዳይበላሽ ወሬው ታፈነ። በጥቅምት ሌላ ካሜራ መጣ፤ የቢቢሲው ጋዜጠኛ የማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው የመሐመድ አሚን። ንጉሡን በፊልም የከሰሰ መንግሥት በፊልም ተከሰሰ።

መንግሥት ክፉ ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔም ከሰኔ በፊት እንደዚያ ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን የራሴን መቀስ አውቀዋለሁ። ማን ሰጠኝ? አንድ ትንሽ ካሜራና አንድ አፕ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ሦስት ወር ተሹሜ ነበር፤ የአንድ ሱቅና የአንድ ልጅ ገዥ ሆኜ። ሳልቆይ በላሁ።

እናቴ ስለዚህ ነገር ንግግር የላትም። ያላት ልማድ ነው። የዚያ ዘመን ምስል በቴሌቪዥን ሲመጣ ጣቢያ ትቀይራለች። ሁልጊዜ። ልጅ ሆነን "ተይው፣ እንየው" ስንላት "እነዚህ ሰዎች ልጆች አሏቸው" ትለን ነበር። አልገባኝም ነበር። በስልሳ ስድስት እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው መርሳ በኩል ከዋናው መንገድ አይርቅም ነበር፤ ሰው ከየገጠሩ ወርዶ መኪና እያስቆመ እንጀራ የሚለምንበት መንገድ። በዚያው መንገድ እህል የጫነ መኪና ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ እንደምታስታውስ ነግራኛለች። የልጅ ትዝታ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ያ ረሃብ በኢኮኖሚስቱ በአማርትያ ሴን እንደተጠና ሳነብ ተመሳሳይ ነገር አገኘሁ። ያኔ ከወሎ እህል ይወጣ ነበር፤ የደሴ ገበያ ዋጋም ሰው ይሞት በነበረበት ልክ አልናረም። ገበሬው ከብቱ አልቆ፣ ምርቱ ጠፍቶ፣ የሚገዛበት አጣ። እህል ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። መንገዱም መኪናውም ሥራቸውን ሠርተዋል።

አንድ ጊዜ ተከራከርኳት። "ያ ካሜራ ባይመጣ እኮ ስንቱ ያልቅ ነበር" አልኳት።

"እሱስ ልክ ነህ" አለችኝ።

ጣቢያውን ግን መልሳ አላመጣችውም።

ስኳሩ

ሐምሌ ላይ ደሴ ሄድኩ። ዝናብ ነው፤ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ሱቁ ውስጥ ቀን በቀን አምፖል ይበራል። ስለ ልጁ ጠየቅኩ። አጎቱ ሸዋ በር አካባቢ ይሠራል ተብዬ ፈልጌ አገኘሁት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲያውቅ ፊቱን አዞረ። አፋር፣ ሎጊያ ከተማ መኪና ያጥባል ያለኝ ሌላ ሰው ነው። ሌላኛው ደግሞ "የለም፣ ተሻግሯል" አለኝ። ተሻግሯል ሲባል ወሎ ውስጥ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጅቡቲ፣ ባሕር፣ የመን፣ ሳውዲ። የልጁ ስልክ ከአገልግሎት ውጭ ነው። አሁንም እሞክራለሁ።

ግሩፑ ላይ "ልጁ ሌባ አልነበረም፣ ብሩን እየመለሰ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ ጽፌያለሁ። ሦስት ሰው አውራ ጣት ሰጠኝ። ያን መልእክት ማንም አላስተላለፈውም። ሙዚቃም የጨመረበት የለም።

ያን ሰሞን ሱቅ ስቀመጥ እናቴ የዱቤ ደብተሩን ሰጠችኝ። "አንብብልኝ" አለችኝ። የልጁ ጽሕፈት ነው። የተጠጋጋ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ፣ የትምህርት ቤት ጽሕፈት። ሰዎቹ በስም የሉም። "ባለ ቀይ ሹራቧ፣ ዘይት 1 ሊትር።" "የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ስኳር ግማሽ።" "አባባ ከዘራ፣ ሳሙና 2።" እናቴ እየሰማች ታስወርደኛለች። "እሱን ሰርዝ፣ ከፍሏል።" "እሱንም ሰርዝ።" "ከፍሏል?" ስላት "ሞቷል" አለችኝ። "ቤተሰቡ አያውቀውም። ለምን እነግራቸዋለሁ?"

ቡና እየጠጣን ነው የስኳሩን ነገር ያወራችኝ። በ2014 ሱቁ ሲዘረፍ የዘረፉት ከሩቅ የመጡ ብቻ አልነበሩም። በሩ አንዴ ከተሰበረ በኋላ የሰፈር ሰውም ገብቷል። ይህን ደሴ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አያወራውም። ከተማው ሲረጋጋ ሼኹም ቄሱም በየፊናቸው "የሰው ገንዘብ የወሰዳችሁ መልሱ" ብለው ለፈፉ። ከሳምንት በኋላ እናቴ ጠዋት ስትወጣ በሩ ላይ አንድ ኩንታል ስኳር ተቀምጧል። ትንሽ ጎደል ብሏል፤ አፉ በሲባጎ ታስሯል።

"ማን እንደሆነ አውቀሻል?" አልኳት።

"ቋጠሮውን አውቄዋለሁ።"

"ማን ነው?"

ሳቀች። "ለአንተ ልንገርህ? አንተ እኮ ቪዲዮ ታወጣለህ።" ከዚያ ስኒዋን አስቀምጣ፣ "ዛሬም ይገዛኛል" አለች። "ጨዋ ሰው ነው። ያን ቀን ካሜራ ቢኖር ኖሮ ያ ስኳር አይመለስም ነበር። እሱም እዚህ ሰፈር አይኖርም ነበር።"

መልስ አልነበረኝም። መልስ መስሎኝ ስለ ሕግ ጀመርኩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብት አለ፣ በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ መንግሥትም ድርጅትም የሰው መረጃ እንደፈለገ እንዳያደርግ... እናቴ እየሰማችኝ ፍም ታራግባለች። ስጨርስ "ጥሩ ነው" አለችኝ። "ልጅ በእናቱ ሱቅ እንዳይሰልል የሚልስ አለበት?"

አዋጁን ደግሜ አነበብኩት። ለቀልድ አይደለም።

የሚገርመኝ እኔ ለእነዚህ ነገሮች ደንታ የሌለኝ ሰው አለመሆኔ ነው። መንግሥት ስልክ ጠለፈ ሲባል ከሚናደዱት ነኝ። መታወቂያው ዲጂታል ሲሆን መረጃዬ የት ይቀመጣል ብዬ ከጠየቁት ነኝ። ትልቁን ዓይን ስጠብቅ ትንሹን ዓይን ኪሴ ይዤ እዞር ነበር። ትልቁ ቢያንስ የሚከሰስበት ቦታ አለው፤ በወረቀት ላይም ቢሆን። ያ ልጅ እኔን የት ይከሰኛል? ሽማግሌ ይላክብኝ? አውጫጭኝ ቢኖር ኖሮ ዛፉ ሥር ያስቀምጡኝ ነበር።

ነጠላው

ከመመለሴ በፊት ካሜራውን ላውርደው አልኳት። እምቢ አለች። ገረመኝ። "ለሌሊት ሌባ ነው አላልክም?" አለችኝ። "ሌሊት ይሥራ።"

መላ አበጀችለት። ጠዋት ሱቁን ስትከፍት በርጩማ ላይ ወጥታ አሮጌ ነጠላ ታለብሰዋለች። ማታ ስትዘጋ ትገልጠዋለች። ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት በቀን ሁለት ጊዜ በርጩማ ላይ ትወጣለች ብዬ ተጨነቅኩ። ረጅም ዘንግ ገዛሁላት። አሁን በዘንግ ነው።

ነጠላውን ካለበሰችው በኋላም ስልኬ ይንጫረራል፤ ጥላ ሲያልፍ "እንቅስቃሴ ታይቷል" ይላል። ልማድ ሆኖ እከፍተዋለሁ። ነጭ ነው። የፈትሉ መስመር ይታያል፤ በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ትንሽ ይደምቃል። ድምፁን ግን ነጠላ አይከለክለውም። ሚዛኑ ሲንኳኳ እሰማለሁ። "ቅናሽ የለም፣ የኔ ጌታ፣ ወላሂ የገባበት ነው" ስትል እሰማለሁ። አሁን የቀጠረቻት ልጅ የዱቤ ደብተሩን ስትጽፍ ጮክ ብላ ነው፤ እሱንም እሰማለሁ። እንዳልሰማ ድምፁን መዝጋት እችላለሁ። አንዳንድ ቀን እዘጋዋለሁ።

እንደምሰማ እናቴ ታውቃለች። ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ሱቁ ጭር ሲል ድምጿ ወደ ካሜራው ቀረበ።

"አንተ ልጅ፣ ምሳ በላህ?"